ዕለቱ ማን ነበር?

በሻይ ቤት፣ በአውቶቡስ ፌርማታም ሆነ በጦር ሰፈር ግቢ «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ተብሎ የማይጠየቅበት ጠዋት የለም። መልሱ ቀላል በመሆኑ ማንም ቆም ብሎ አያስብበትም። ጥያቄው ወደ ኋላ ሄዶ «የዛሬ ስልሳ ዓመት ኅዳር 12 ዕለቱ ማን ነበር?» የሚል ሲሆን ግን አብዛኞቻችን ራሳችንን እናካለን። ከዚያም ወይ የአያት ትዝታ እንጠብቃለን፣ ወይም የማይገኝ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ እንፈልጋለን። ይህን መሰሉን ጥያቄ ጊዜ ለማሳለፊያ እንደሚቀርብ እንቆቅልሽ የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። እኛም እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ከእነዚሁ መካከል እንደነበርን አንሸሽግም።

በዚያ ዓመት በወርኃ ጥር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጦር ሰፈር በር ፊት ለፊት ባለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለን ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ሰው ቡናማ ፖስታ ይዘው ገቡ። በአንድ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። ከፖስታው ያወጡት ደብዳቤ በግል ማኅደራቸው ላይ የትውልድ ዘመናቸው ኅዳር 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ወር ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ እንደሚወጡ የሚያስታውቅ ነበር። ሰውየው ግን የተወለዱት ከዚያ ሁለት ዓመት ዘግይተው መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ኖረዋል። ሁለት ዓመት ለሌላው ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። የሃያ አራት ወር ደመወዝ መሆኑ ሲታሰብ፣ በዚያም ላይ የመጨረሻዋ ልጅ ገና የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆኗ ሲታከልበት፣ በቤቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም።

«እናቴ በሕይወት አሉ፤ ዘመኑን በቁጥር አይነግሩኝም እንጂ ዕለቱን አልረሱትም» አሉ ሰውየው። «ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ማክሰኞ ነው፤ ታቦት ሲወጣ ምጥ ያዘኝ፤ የግርግሩ ማግስት ዓመት ነው ይላሉ። ይህን ብነግራቸው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሳቁብኝ።»

ከጎናችን ሻይ ይጠጣ የነበረ አንድ ሃምሳ አለቃ ጆሮውን አቀና። የደብተራ ልጅ መሆኑን፣ ውትድርና ከመግባቱ በፊትም ባሕረ ሐሳብን ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ መማሩን ኋላ ነው የሰማነው። «ጋሼ፣ ዕለቱ ማክሰኞ ነው ካሉ ትልቅ ነገር ነግረውዎታል» አለና ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ የሲጋራ ፓኮ ገልብጦ ይጽፍ ጀመር።

የሠራው እንዲህ ነው። በ1954 ላይ 5500 ደመረ፤ ዓመተ ዓለሙ 7454 ሆነ። ይህን ለአራት ሲያካፍል 1863 ደረሰና የተረፈውን 2 ጣለው። 1863ን ከ7454 ጋር ደምሮ 9317 አገኘ። ይህ ለሰባት ሲካፈል 1331 ደርሶ ምንም አይተርፍም። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት የዓመቱ መነሻ፣ ማለትም ጥንተ ቀመር፣ ማክሰኞ ስለሆነ አንድ ሲተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ እያለ ይሄዳል። ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ሰኞ ነው። እንግዲያው የ1954 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የዋለው ሰኞ ነበር ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 1 ሁለት ወር ነው፤ እያንዳንዱ ወር አራት ሳምንትና ሁለት ቀን በመሆኑ አራት ቀን ይገፋል። ከኅዳር 1 እስከ 12 አሥራ አንድ ቀን፣ ይኸውም አንድ ሳምንትና አራት ቀን ነው። አራትና አራት ስምንት፤ ሰባቱ ሲወጣ አንድ ይቀራል። ከሰኞ አንድ ቀን ወደ ፊት ስንሄድ ማክሰኞን እናገኛለን።

ሰውየው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሃምሳ አለቃው ግን «ይቆዩ፣ አልጨረስኩም» ብሎ ያንኑ ስሌት በ1952 ሠራው። መስከረም 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ደግሞ እሑድ ሆነ። የማኅደሩ ዘመን ከእናት ትዝታ ጋር አይገጥምም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሃምሳ አለቃው የተናገረው ነገር ከስሌቱ ይልቅ በእኛ ልብ ውስጥ ቀርቷል። «ይህ ብቻውን ማስረጃ እንዳይመስልዎት» አላቸው። «ኅዳር 12 ማክሰኞ የሚውለው በ1954 ብቻ አይደለም፤ በ1948ም ውሏል፣ በ1965ም ውሏል። ስሌት ሐሰተኛውን ዓመት ይጥላል እንጂ እውነተኛውን ብቻውን አያነሣም።» በእርግጥም በእኛ አቆጣጠር ዕለታትና ቀናት ተመልሰው ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙት በየ28 ዓመቱ ሲሆን፣ በዚህ መካከል አንድ ቀን በአንድ ዕለት ላይ አራት ጊዜ ይውላል። ከሦስቱ ዘመናት መካከል 1954ን የሚለየው «የግርግሩ ማግስት ዓመት» የሚለው የእናት ቃል ነው። የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት የተሞከረው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የመጀመሪያው ኅዳር የ1954 ኅዳር ነው።

የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የቃል ምስክርነትን የማይቀበል ስለሆነ ሰውየው ክርስትና ወደ ተነሡበት ደብር ሄዱ። አሮጌው የክርስትና መዝገብ ተገኘ። በመዝገቡ ላይ ስማቸውና የክርስትና አባታቸው ስም፣ ከዚህም ጋር «ታኅሣሥ ፳፩ ቀን፣ ቅዳሜ» የሚል በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፏል። ዓመተ ምሕረቱ ግን መጨረሻው ላይ እርጥበት አግኝቶት ኖሮ ፲፱፻፶ ካለ በኋላ ያለችው አኃዝ ፪ ትሁን ፬ አትለይም። ከብዙ ዓመት በፊት ከዚሁ መዝገብ ግልባጭ ያወጣው ጸሐፊ ፪ ናት ብሎ አንብቧታል። የሁለት ዓመቱ ስሕተት የተወለደው በዚያች በአንዲት አኃዝ ነው።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። ከኅዳር 12 ጀምረን፣ ራሱን ኅዳር 12ን አንድ ብለን ብንቆጥር አርባኛው ቀን ታኅሣሥ 21 ይሆናል። ዕለቱ ከማክሰኞ ተነሥቶ በሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሲገፋ፣ አምስት ሳምንትና አራት ቀን ነውና፣ ቅዳሜ ላይ ያርፋል። እናትየው የነገሯቸውና ቄሱ የጻፉት በዚህ ተገናኙ። ታኅሣሥ 21 ቀን በ1954 ቅዳሜ፣ በ1952 ደግሞ ሐሙስ ነበር። ስለዚህ አኃዟ ፪ ልትሆን አትችልም። በስድስት ወር ምልልስ ማኅደሩ ታረመ። ሰውየው የሁለቱን ዓመት ሥራቸውን ሠርተው በ2014 ጡረታ ወጡ።

ከዚያች ቀን በኋላ እኛም ነገሩን ቤታችን ይዘነው ገባን። ሃምሳ አለቃው ያሳየን መንገድ ቀጥተኛ ቢሆንም ትላልቅ ቁጥሮችን ያካፍላል፤ በአእምሮ ለመሥራትም ይከብዳል። ስንፈታው ስንገጥመው ግን ውስጡ አንድ አስገራሚ ነገር ተደብቆ አገኘን። 5500 ራሱ ከሩቡ፣ ከ1375 ጋር ሲደመር 6875 ይሆናል፤ ይህም ለሰባት ሲካፈል አንድ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ዓመት ከመደመር አንድን መደመር በቂ ነው። አቆጣጠሩን ደግሞ ከማክሰኞ ማስጀመር ትተን እሑድን አንድ ብንል፣ ያ አንድ ሦስት ይሆናል። ሦስቱ ደግሞ ከየትም የመጣ አይደለም። መስከረም አንደኛ ወር ነው፤ እጥፉ ሁለት፤ የወሩ የመጀመሪያ ቀን አንድ፤ ድምሩ ሦስት! በዚህም ምክንያት መልመጃው እንደሚከተለው ይጠቃለላል።

ዓመተ ምሕረቱን ያዙ። ሩቡን ጨምሩበት፤ ትርፍ ካለ ጣሉት። የወሩን ተራ ቁጥር እጥፍ ጨምሩ። ቀኑን ጨምሩ። ድምሩን ለሰባት አካፍሉ። የተረፈው ቁጥር ዕለቱ ነው።

ሌላ የሚታወስ ሰንጠረዥ የለም። የዕለታቱ ስሞች ራሳቸው ቁጥሮች ናቸውና። እሑድ በግእዝ ከአሐዱ፣ ረቡዕ ከአርባዕቱ፣ ሐሙስ ከኀምስቱ የመጡ መሆናቸውን ማንም ተማሪ ያውቃል። ሰኞ በግእዙ ሰኑይ፣ ሁለተኛ፣ ማክሰኞም ሠሉስ፣ ሦስተኛ ነው። ማክሰኞ የሚለው የአማርኛው ስም የሰኞ ማግስት ከማለት የመጣ ነው ይባላል። ትግርኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ ሰሉስ እንደሚሉት ልብ ይሏል። በዓረብኛም አሐድ፣ ኢስነይን፣ ሱላሳ፣ አርቢዓ፣ ኸሚስ የሚሉት ስሞች ያንኑ ቁጥር ይዘዋል። ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ቁጥር አይሸከሙም፤ ዓርብ ስድስተኛ፣ ቅዳሜ ሰባተኛ ወይም ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ነው። አራት ተርፎ ረቡዕ ነው ስንል የምናደርገው ነገር ቢኖር ቁጥሩን በግእዝ መጥራት ብቻ ነው።

ስሌቱ ለምን እንደሚሠራ መረዳት አያስቸግርም። ዓመት 365 ቀን፣ ይኸውም 52 ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ዓመቱ አንድ በጨመረ ቁጥር ዕለቱም አንድ ይገፋል። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ሩቡን እንጨምራለን። ወር 30 ቀን፣ አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ የወሩን ቁጥር እናጥፋለን። ከዚህ የተነሣ ማንም ሊያስተውለው የሚችለው አንድ ነገር አለ። መስከረም 1 የዋለበት ዕለት ሚያዝያ 1ም ይውልበታል፤ ሁለቱ ወሮች በሰባት ወር ስለሚራራቁ አሥራ አራቱ ቀን ሁለት ሙሉ ሳምንት ሆኖ ይጠፋል። ጥቅምትና ግንቦት፣ ኅዳርና ሰኔ፣ ታኅሣሥና ሐምሌ፣ ጥርና ነሐሴ፣ የካቲትና ጳጉሜን እንደዚሁ ጥንድ ጥንድ ናቸው። መጋቢት ብቻዋን ትቀራለች።

ስሌቱን በታወቁ ቀናት ላይ ፈተንነው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። 1888፣ ሩቡ 472፣ የካቲት ስድስተኛ ወር በመሆኑ እጥፉ 12፣ ቀኑ 23፤ ድምሩ 2395። ለሰባት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ አንድ እሑድ ነው። ጦርነቱ በዕለተ እሑድ፣ በጊዮርጊስ ቀን መሆኑን ታሪክ የመዘገበው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋው የተጀመረበት ዕለት ደግሞ 1929፣ 482፣ 12፣ 12 ሲደመሩ 2435 ሆኖ ስድስት ይተርፋል። ዓርብ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየን ሚያዝያ 27 ነው። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ከተማይቱ የገቡት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። የመጀመሪያው 1928፣ 482፣ 16፣ 27፤ ድምሩ 2453፤ ሦስት ተርፎ ማክሰኞ። ሁለተኛው 1933፣ 483፣ 16፣ 27፤ ድምሩ 2459፤ ሁለት ተርፎ ሰኞ። አምስት ዓመት ዕለቱን በአምስት ይገፋዋል፤ በመካከሉ በ1931 ማብቂያ ያለፈችው ስድስተኛዋ ጳጉሜን አንድ ትጨምርበታለች። ስድስት ቀን ወደ ፊት መሄድ አንድ ቀን ወደ ኋላ ከመመለስ ጋር አንድ ነው።

በአእምሮ ለሚሠራ ሰው አንድ ማቅለያ እንጨምር። ክፍለ ዘመኑን ለብቻ ነጥለን ብናካፍል 1800 ከነሩቡ ሦስት፣ 1900 ሁለት፣ 2000 አንድ ይተርፈዋል። ስለዚህ ለ1954 ሙሉውን ከመያዝ 54 እና ሩቡን 13፣ ለክፍለ ዘመኑም 2 መያዝ ይበቃል። ኅዳር 12 ሲፈለግ 54፣ 13፣ 2፣ 6 እና 12 ሲደመሩ 87 ይሆናሉ። ከ84 የሚተርፈው ሦስት ነው፤ ማክሰኞ! በልምምድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚደረስበት ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይህን ያህል ቀላል መንገድ የለም። ወሮቻቸው 28፣ 29፣ 30 እና 31 እየሆኑ የተዘበራረቁ በመሆናቸው ለእያንዳንዱ ወር የተለየ ቁልፍ ቁጥር መያዝ ግድ ነው። በዚህም ምክንያት ዕለትን በአእምሮ የማግኘት ብልሃት በእነርሱ ዘንድ የታላላቅ ሰዎች ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል። ሉዊስ ካሮል በሚል የብዕር ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህርና ደራሲ በ1887 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የራሱን ዘዴ አሳትሟል። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆን ኮንዌይ የተባለው የሒሳብ ሊቅ 4ኛው ወር 4ኛ ቀን፣ 6ኛው ወር 6ኛ ቀን፣ 8ኛው ወር 8ኛ ቀን፣ 10ኛው ወር 10ኛ ቀን፣ 12ኛው ወር 12ኛ ቀን ሁልጊዜ በአንድ ዕለት የሚውሉ መሆናቸውን መሠረት ያደረገ ዘዴ አወጣ። ብልሃቱ ግሩም ነው። ሆኖም የእኛ አቆጣጠር በተፈጥሮው የያዘውን ነገር እነርሱ በብልሃት ፈልገው ማግኘት ነበረባቸው ብንል ግነት አይሆንብንም።

በአውሮፓውያኑ ዘንድ ሌላም መሰናክል አለ። መቶኛው ዓመት ለአራት መቶ ካልተካፈለ ተጨማሪዋን ቀን ይነፈጋል። በዚህ ሕግ መሠረት በ1900 እ.ኤ.አ. የካቲታቸው ሃያ ዘጠነኛ ቀን አልነበራትም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ተፈጥሯል። የዐድዋ ጦርነት ዕለት በእነርሱ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ሆኖ ተመዝግቧል። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። የተሳሳተ ሰው የለም፤ በመካከሉ አንዲት ቀን ከእነርሱ በኩል ስለተሰረዘች ነው። ያም ሆኖ አቆጣጠሩ ሲሻሻል የሳምንቱ ቅደም ተከተል አልተቆረጠም። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ አቆጣጠሩን ሲያሻሽሉ ከኦክቶበር 4 በቀጥታ ወደ ኦክቶበር 15 ተዘለለ፤ ዐሥር ቀን ጠፋ። ነገር ግን የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ተከታዩ ዓርብ ነበር። እንግሊዞችም በ1752 እ.ኤ.አ. ዐሥራ አንድ ቀን ሲዘሉ ከረቡዕ ወደ ሐሙስ ነው የተሻገሩት።

የሒጅራ አቆጣጠር የተለየ ነው። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን የሚሆነው በጨረቃ መታየት ስለሆነ በስሌት ብቻ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አይቻልም። በ30 ዓመት ውስጥ 11ዱን ዓመታት 355 ቀን የሚያደርግ የሠንጠረዥ አቆጣጠር ቢኖርም ከእይታው በአንድ ቀን ሊለይ ይችላል።

ወደ ጦር ሰፈሩ እንመለስ። ሃምሳ አለቃውን ለሁለተኛ ጊዜ ያገኘነው የዘብ ተራ ሲደለድል ነበር። ሰባት ምድብ ሆነው በየሌሊቱ ይፈራረቃሉ። ከምድቦቹ አንዱ «እኛ ምን በደልን? ሁልጊዜ ቅዳሜ ሌሊት የእኛ ነው!» ሲል ያማርራል። አቤቱታው እውነት ነው። ሰባት ምድብ በሰባት ዕለት ሲፈራረቅ ቅዳሜ የወደቀበት ዕድሜውን ሙሉ ቅዳሜ ይወድቅበታል። ይህን ለማየት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም፤ ይሁን እንጂ ድልድሉ ለሁለት ወር ያህል እንደዚያው ሠርቷል። ሃምሳ አለቃው ምድቦቹን ስምንት ቢያደርጋቸው ተራው በየዙሩ አንድ ዕለት ወደ ፊት ይገፋል፤ በ56 ቀን ውስጥም እያንዳንዱ ምድብ ሰባቱንም ዕለታት አንድ አንድ ጊዜ ያዳርሳል። ስድስት ቢያደርጋቸው በየዙሩ አንድ ዕለት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በ42 ቀን ይዳረሳል። እርሱ ስድስትን መረጠ፤ ምክንያቱን ስንጠይቀው ሳቀ። ሠላሳ ለስድስት ይካፈላልና የመጀመሪያው ምድብ በየወሩ በ1፣ በ7፣ በ13፣ በ19 እና በ25 ይወድቃል፤ ሠሌዳ ማንበብ የማይወድ ወታደርም ተራውን ሊረሳ አይችልም። ይህን ሥርዓት የምታፈርሰው አምስት ቀን ያላት ጳጉሜን ናት። በዘመነ ሉቃስ ግን ስድስት ስለምትሆን ዙሩ ሳይዛነፍ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል።

ዘመነ ሉቃስን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ማካፈል በቂ ነው። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን 6 ያለችው በሉቃስ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ጳጉሜን 6 ቀን 1966 ዓ.ም. የተፈረመ» የኪራይ ውል ይዞ ቢመጣ ምስክር መጥራት ሳያስፈልግ ወረቀቱን መመለስ ይቻላል። 1966 ለአራት ተካፍሎ ሁለት ይተርፈዋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነበር፤ እንደዚያ የምትባል ቀን አልነበረችም። ሐሰተኛ ውል የሚጽፉ ሰዎች ፊርማውንና ማኅተሙን እንጂ ዕለቱን ሲጠነቀቁ እምብዛም አይታዩም። ይህን በመጻፋችን እንዲጠነቀቁ አስተማርናቸው የሚል ካለ ጥፋቱን እንቀበላለን።

በመጨረሻ የምናነሣው አንዲት እናት በመጋዘን ኃላፊው በኩል ሰምተው ወደ እኛ ይዘውት ስለመጡት ደብዳቤ ነው። ልጃቸው በወታደርነት ሳለ የጻፈላቸው ነው፤ እርሱ ከዘመቻ አልተመለሰም። ከእርሱ የቀሩት ደብዳቤዎች በቅደም ተከተል ተሰፍተው በላስቲክ ተጠቅልለዋል። ይህች አንዷ ብቻ ቦታዋ አልታወቀም፤ ራስጌዋ ላይ «ዓርብ፣ ጥር 13 ቀን» ይላል እንጂ ዓመተ ምሕረት አልተጻፈባትም። «ልጄ በቸኮለ ጊዜ እንዲህ ነው» አሉን እማማ። ልጁ ወታደር ሆኖ የቆየው ከ1972 እስከ 1981 ነው።

ወረቀት አወጣን። ዓርብ ስድስት ነው። ጥር አምስተኛ ወር በመሆኑ እጥፉ 10፣ ቀኑ 13፣ ለክፍለ ዘመኑ 2፤ ድምሩ 25። ከ25 ጋር ተደምሮ ለሰባት ሲካፈል ስድስት የሚያተርፍ ዓመት መፈለግ ነው። ከ72 ጀምረን እስከ 81 አንድ በአንድ ሞከርን። በ75 ላይ ሩቡ 18፤ 75፣ 18 እና 25 ሲደመሩ 118፤ ከ112 ስድስት ተረፈ። 76 አልገጠመም፤ 77ም፣ 78ም፣ 79ም። በ80 ላይ ሩቡ 20፤ ድምሩ 125፤ ከ119 ስድስት ተረፈ። 81 አልገጠመም። ስለዚህ ደብዳቤው የተጻፈው ወይ በ1975 ወይ በ1980 ነው፤ ከዚህ በላይ ስሌቱ ሊነግረን አልቻለም።

እማማ ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤውን በድጋሚ እንድናነብላቸው ጠየቁን። ለጎረቤት፣ ለአጎት፣ ለንስሐ አባት ሰላምታ ካቀረበ በኋላ «ያችን ያላየኋትን ትንሽ እህቴን ሳሙልኝ» የሚል ቃል ደረሰን። የመጨረሻዋ ልጃቸው መቼ እንደተወለደች ጠየቅናቸው።

«እርሷማ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው» አሉ።

ከኪሳችን እርሳስ ሰጠናቸው። እርሳቸው ግን መልሰው ለእኛ አቀበሉንና ከዓርብ ጎን 1980 ብለን እንድንጽፍ አዘዙን። ከዚያም ደብዳቤውን ተቀብለው ከጥቅሉ መጨረሻ ሁለተኛው ቦታ ላይ አስገቡት።